ጥቁር መሆን የነበረበት ዓይን

ታኤሴ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። እሳቱን ቆስቁሳ ለፈታዮቹ ምስር ጣደች፣ ለዝይዎቹ እህል በተነች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ሸፈነች። የባሏ መኝታ እንደተነጠፈ ነበር፤ ይህ አላስደነገጣትም። ሸማኔው ፓሙን በሚሸምነው ጨርቅ ላይ የቅዱሳን ዓይን በሚሠራበት ዋዜማ ቤት አያድርም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ቤት ካለው መጋረጃ በስተጀርባ ይገባል፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ሲጸልይ ያድራል፣ ሊነጋ ሲል ዓይኖቹን ይሠራል። አክሚም ከተማ ውስጥ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ይህን ነው። ማለዳ ሚስቱ ብቻ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዛ ትገባለች። ከዚያ ሁለቱ አብረው እስኪወጡ ድረስ መጋረጃውን ማንም አይገልጥም።

ማሰሮውን በወገቧ ደግፋ ግቢውን አቋረጠች። ቀለም ቤቱ በር ላይ ታናሽ ወንድሟ ሆር ቆሞ ያዛጋል፤ ሰማያዊ ቀለም የሚነከርበት ጋን ተጥሎ ስለማይኬድ የማለዳው ጸሎት እንደ ሁልጊዜው ቀርቶበታል።

«ዛሬ እመቤታችን ልታይ ነው» አላት።

«ፊትህን ታጠብ፣ ሰይጣን ነው የምትመስለው» አለችውና መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ፓሙን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በሥራው ላይ ደፍቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ደርቋል። እግሩ ሥር የሆር የቀለም መማሰያ ወድቋል። በመሸመኛው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በጎኗ ተኝታለች፤ ጨርቁ ሁሌም የሚሠራው እንደዚያ ነው፣ ተቆርጦ ሲሰቀል ነው ምስሉ የሚቆመው። ትናንት ማታ በፊቷ ላይ ሁለቱ የዓይን ቦታዎች ድራቸው ብቻ ተወጥሮ ባዶ ነበሩ። አሁን ቀኙ ተሠርቷል።

ታኤሴ ያንን ዓይን አየችው። ባሏን ካየችበት ጊዜ የረዘመ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ማሰሮውን በቀስታ መሬት አስቀምጣ ትከሻውን ነካች፤ እንደ እንጨት ደርቋል። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

የከተማው ጸጥታ ሹም ሴሬኖስ የተቀቀለ ግብጦ እየላጠ ሲደርስ ሆር እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከዘንባባው ግንድ ጋር ቆሟል። አጠገቡ የጳጳሱ አስተዳዳሪ ዲያቆን ቴዎናስ ይንጎራደዳል።

«ዲያቆን፣ ይህን ሰው ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት። መማሰያው የሱ ነው። ትናንት ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ሠፈሩ ሰምቷል። ሁሉም ጸሎት ላይ ሳለ ከሟቹ ሚስት ሌላ ግቢው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጀልባ ወደ እንጽና ይወርዳል፤ የቀረውን አገረ ገዢው ይጨርሰው። በዓሉ ደርሷል፣ አባታችን ጳጳሱ የእመቤታችንን መጋረጃ እየጠበቁ ነው።»

«ጀልባው እስኪነሳ እኔም እጨርሳለሁ» አለ ሴሬኖስ።

ታኤሴ ይህን ሰማች። ከእንጽና እስር ቤት በእግሩ የተመለሰ ሰው አታውቅም። ሆር የእናቷ ልጅ ነው፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። ዛሬ ከዚህ ግቢ አንድ ሬሳ ይወጣል፤ ማምሻውን ሁለተኛ ሊሆን ነው።

ሴሬኖስ ወደ ሆር ዞረ። «በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በጥቁሩ ጠጉር። ዳሰሰውና ‹ይሄ የፍየል ነው እንጂ የበግ አይደለም› አለኝ። ‹አንተስ ከሽማግሌ ፍየል በምን ትሻላለህ› አልኩት። ሳቀ። ይሄ ጠብ ነው እንዴ ጌታዬ?»

«ዳሰሰው ነው ያልከኝ?»

«እሱ ምን ጊዜም ይዳስሳል። ፊደል እንደሚቆጥር ሰው በጣቱ ነው የሚያነበው።»

ሹሙ ግብጦውን ወደ ከረጢቱ መልሶ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ክንዱን ሊያነሳው ሞከረ፤ አልታጠፍ አለ። የቀኝ እጁ ጭብጥ ድንጋይ ሆኗል። ሴሬኖስ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ሆኖ ፈታቸው። መዳፉ ውስጥ እርጥብ የጠጉር ቁራጭ ነበር፤ ያልበሰለ ሎሚ የመሰለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ።

ሁሉም ተጠግቶ አየ። ጠጉሩ በዓይናቸው ፊት መልኩን ለወጠ። ጫፉ ጠቆር አለ፣ ከዚያ አረንጓዴው እየሸሸ ሄደና ሰማያዊ ሆነ። አንዱ ወታደር አማተበ።

«ተአምር አይደለም» አለ ሆር ሳያስበው። «ከጋኑ ገና መውጣቱ ነው። ሰማያዊው ጋን ውስጥ እያለ እንዲህ አረንጓዴ ነው፣ አየር ሲያገኘው ነው ሰማያዊ የሚሆነው። ጨብጦት ስላደረ አየር አላገኘ...» አፉ ላይ ያለውን ሳይጨርስ ተወው።

«በገዛ አፉ» አለ ቴዎናስ። «ሰውየው የሞተው ቀለም ቤት ነው። ቀለም ቤት ያለው ማን ነው?»

ሆር እህቱን አያት። እሷ ዓይኗን ከባሏ መዳፍ አላነሳችም።

ሴሬኖስ ሰዎቹን ለየብቻ ማነጋገር ያዘ። መጀመሪያ የጠራት አንጋፋዋን ፈታይ ታሜትን ነው። እንዝርቷን ሳታቆም መጣች።

«ሌሊቱን ምን አየሽ እናቴ?»

«ምን አላየሁ። በኔ ዕድሜ ሌሊቱን ለሽንት ስመላለስ ነው የማነጋው፤ ይቅር ይበሉኝ። መጋረጃው ውስጥ መብራት ነበር። ጥላው ይታያል፣ እጁ ይወርዳል ይወጣል። ‹ዘንድሮስ ቀደም ብሎ ጀመረ› አልኩ በልቤ።»

«ሌላ ጊዜ ሌሊት ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰበች። «መብራቱን አያለሁ። ጥላው ግን ጎንበስ ብሎ አይነቃነቅም፣ የሚጸልይ ሰው ጥላ ነው።»

«ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ሆር የት ነበር?»

«ከኛ ጋር፣ ቦዩ ላይ ጠጉር ሲያጥብ። ኮከብ እስኪወጣ አልተለየንም። ዘፈኑን እንዲተውልን ለምነነዋል፤ ድምፁ የግመል ነው።»

«ጋኑንስ ትቶት?»

«የመጨረሻውን ጠጉር ነክሮ ነው የመጣ። ተነክሮ ይቆያል፣ ያን ጊዜ ማንም አያስፈልገው።»

«ደቀ መዝሙሩ ፕሾይስ?»

ታሜት ፊቷ በራ። «እሱ ዶሮ ሲጮኽ ከኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ደግሞ የክት ቀሚሱን ለብሶ። ‹ምን በዓል ነው ልጄ?› አልኩት። ‹የእመቤታችን ዓይን የሚሠራበት ቀን በዓል አይደለም ወይ?› አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት!»

ፕሾይ የፓሙን የመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ነው። ሰፊ ትከሻ፣ ቀጭን ጣቶች አሉት፤ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። በዚያ ሥራ ቤት ከፓሙን ሌላ የቅዱሳንን ምስል መሥራት የተፈቀደለት ወንድ እሱ ብቻ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ።

«አባቴ ነበር» አለ። «ወላጆቼን ቸነፈር ሲወስዳቸው ከመንገድ ያነሳኝ እሱ ነው። እናቴ ታኤሴ ጎርሳ ያላጎረሰችኝ ቀን የለም።»

«ሽመናውን ሁሉ አስተምሮሃል?»

«እጅ፣ ልብስ፣ ክንፍ፣ ፊት... ሁሉን። ዓይን ግን አላስነካኝም። ‹ጊዜው ሲደርስ› ይለኝ ነበር።»

«ስንት ዓመት ጠበቅህ?»

«ማን ይቆጥራል ጌታዬ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ሳይቆይ ጠፋ።

በመጨረሻ ሴሬኖስ ወደ ታኤሴ መጣ። መጋረጃው ውስጥ፣ ሬሳው ከተወሰደ በኋላ፣ ብቻዋን ቆማ አገኛት። ከመሸመኛው ፊት ሁለት በርጩማ ነበር፤ አንዱ መሐል ላይ፣ ሌላው ትንሹ በስተቀኝ ከማግ ቅርጫቱ ጋር። ሹሙ ከቅርጫቱ አንድ ጥቅል አነሳ። የክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለ። ሌላ አነሳ፣ ሁለት ቋጠሮ። ቀዩ ሦስት አለው። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው።

«እህቴ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የባሌ ልማድ ነው።»

«ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«ኋላ ያመጣው ነው።»

«ማለዳ ውሃ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ እስከ ቀትር አብራችሁ ትቆያላችሁ። ለእጅ መታጠብ ረዘም አይልም?»

ታኤሴ ዓይኗን ወደ ትንሹ በርጩማ አዞረች። ከሁለት ዐቢይ ጾም በፊት ነበር የፓሙን ዓይን የከዳው። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፤ እሱ ግን የሚያየው ጥላ ብቻ ሆነ፣ ኋላም ጥላው ቀረ። ያን ጊዜ ያለቀሰው ስለ ራሱ አልነበረም። የተጀመረ ሐዋርያ መሸመኛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ «ዕውር ሆኖ ሊቀር ነው» አለ። የሐዋርያውን ዓይን እሷ ሠራችው። እሱ ትንሹ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ቀለሙን እየጠራ አቀበላት። ሁሉንም እንደዚያው ሠሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሕዝቡ የሚሳለማቸው ቅዱሳን የሚያዩት በሷ ጣት ነው፤ የጳጳሱ ቡራኬ ያረፈው ግን በባሏ እጅ ላይ ነው። ይህ ከታወቀ ጨርቆቹ ወርደው ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ ስሙም ከነሱ ጋር።

«ባልነግርዎትስ?» አለች በመጨረሻ።

«ወንድምሽ ይሄዳል።»

«ብነግርዎትስ?»

«ባልሽ ይሄዳል» አለ ሴሬኖስ። ድምፁ ውስጥ ጭካኔ አልነበረም። «ብዙውን አውቄዋለሁ። እኔ ስለው ግን ግምት ነው፤ ዲያቆኑ በግምት ሰው አይፈታም።»

ጥቅሎቹን ወደ ቅርጫቱ መልሶ ወጣ። እሷ ሁለቱን ክሮች ከላይ አገኘቻቸው፣ አንድ ቋጠሮና ሁለት ቋጠሮ፣ ጎን ለጎን።

ጀልባው ሊነሳ ሲል ሴሬኖስ ሁሉንም ሥራ ቤት ሰበሰበ። መጋረጃው እንዲወርድ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ሰሌን እንዲነሳ አዘዘ። ፀሐይዋ በቀጥታ በመሸመኛው ላይ ወደቀች። በጎኗ የተኛችው እመቤት፣ የተጨረሰ እጅ፣ የተጨረሰ ልብስ፣ አንድ ዓይን።

«በመጀመሪያ» አለ ሹሙ፣ «ፓሙን ማለዳ አልሞተም። ማለዳ የሞተ ሰው ፀሐይ ስትወጣ እንደዚያ ድርቅ አይልም። ሁለተኛ፣ የሞተው ሰማያዊው ጋን አጠገብ ነው። ሲወድቅ እጁ ጋኑ ውስጥ ገባ፣ ያገኘውን ጨበጠ። ጠጉር ጋኑ ውስጥ የነበረው መቼ ነው ሆር?»

«ፀሐይ ከምትጠልቅበት ጀምሮ ኮከብ እስኪወጣ። ከቦዩ ስመለስ አወጣሁት።»

«በዚያ ሰዓት ሆር ቦዩ ላይ ነበር። ምስክሩ ድምፁ ነው።» ታሜት ራሷን በኃይል ነቀነቀች። «እንግዲህ ሆር ቀለም ቤት ሳይኖር ፓሙን ቀለም ቤት ሞተ። አንድ ሰው ተሸክሞ በጓሮው በር እዚህ አስገባው፣ መማሰያውንም አምጥቶ እግሩ ሥር ጣለው።»

«ሌሊት ሲሠራ የታየውስ?» አለ ቴዎናስ። «ዓይኑስ? የሞተ ሰው ሠራው?»

«ወደ እሱ ነው የምመጣው። ዲያቆን፣ ተጠግተህ እየው። ምን ቀለም ነው?»

ቴዎናስ ጎንበስ አለ። «ጥቁር... አይደለም። ሰማያዊ ነው፤ የጠቆረ ሰማያዊ።»

«ቤተ ክርስቲያን ያሉት ቅዱሳን ዓይናቸው?»

«ጥቁር ነው። ሁሉም ጥቁር።»

«ቅርጫቱ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። በመብራት ማንም አይለያቸውም። ስለዚህ ጥቁሩ አንድ ቋጠሮ፣ ሰማያዊው ሁለት ቋጠሮ አለው።» ሴሬኖስ የጨርቁን ጀርባ ገልጦ የተንጠለጠለ ክር አሳየ። ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ ነበር። «ይህን የሠራው ቋጠሮውን አልዳሰሰም። ዓይኑን አምኖ ሠራ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ፓሙን ዓይኑን ያምን ነበር? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ አለ። እኔ በሱ ፈንታ አልናገርም።»

ከወንዙ ወዲያ የጀልባው ጥሩንባ ተሰማ። ሆር እህቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ የሚል ይመስላል። ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር።

«ባሌ ዓይነ ስውር ነበር» አለች ታኤሴ።

የታሜት እንዝርት ቆመ።

«ከሁለት ጾም ወዲህ ምንም አያይም። ቋጠሮው የሱ ነው፣ በጣቱ ነው የሚለየው። ጥቁሩን ከሰማያዊው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ አይስትም።»

«እና እነዚያን ዓይኖች...» አለ ቴዎናስ። ቃሉ ተንጠለጠለ። «ሐዋርያቱን ማን ሠራቸው?»

«እኔ ነኝ። እሱ እያቀበለኝ። ይህኛውን ግን አልሠራሁም፤ ዛሬ ማለዳ ልሠራው ነበር የገባሁት።»

ፕሾይ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ቀስ እያለ ወደ ታች ተንሸራተተ።

ሴሬኖስ ወደሱ ሄዶ ጎንበስ አለ። «የዘወትር ቀሚስህ የት ነው ልጄ? እርጥብ እጅ ያለው ሰው ተሸክመሃል። ሌሊት ሲታይ ውሃ ነው፤ ሲነጋ ሰማያዊ ሆነ። አይለቅም። ለዚያ ነው የክቱን የለበስከው።»

«ጓሮ ቀብሬዋለሁ» አለ ፕሾይ። ሌላ ምንም የሚጠይቀው እንደሌለ ሁሉ ቀጠለ። «እሱ ራሱ ነው ቀለም ቤት የጠራኝ። ሰው እንዳይሰማን። ‹ዓይኑ ወዳንተ አይመጣም ፕሾይ፣ ለሌላ እጅ ተሰጥቷል፤ ከበዓሉ በኋላ ለጳጳሱ እነግራለሁ› አለኝ። ማን ነው አልኩት። ‹ስታውቀው ትደሰታለህ› አለኝ። ከውጭ ያመጣው ሰው መሰለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት፤ ራሱ ከጋኑ ከንፈር ላይ...»

«መማሰያውስ?» አለ ሆር። «እሱንም አንድ ጊዜ ነው የገፋኸው?»

ፕሾይ ታኤሴን ነበር የሚያያት። «ዓይኑን ስጀምረው ሰዎች እሱ በሕይወት ያለ እንዲመስላቸው ነበር። ከዚያ ግን ረሳሁት። እሱ አጠገቤ ወድቆ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር የምሠራው። እናቴ፣ አንቺ መሆንሽን ቢነግረኝ...»

«ቢነግርህስ?» አለች።

ወታደሮቹ የሆርን ገመድ ፈትተው በዚያው ገመድ ፕሾይን አሰሩት። ሲወጣ ታኤሴ ማለዳ በጨርቅ የሸፈነችውን ዳቦ አምጥታ ለወታደሩ ሰጠችው። ለማን እንደሆነ አልተናገረችም።

ቴዎናስ ለጳጳሱ ሁሉንም ነገራቸው። ጳጳሱ ሐዋርያቱ ፊት ብዙ ቆመው፣ «እነዚህ እያዩኝ እንዴት አቃጥላቸዋለሁ?» አሉ ይባላል። ከዚያም ታኤሴ እመቤታችንን እንድትጨርስ ላኩባት፤ መጋረጃ ሳይጋረድ፣ በቀን። በፓሙን ስም ግን ከዚያ ወዲያ በመቅደሱ ጸሎት አልተደረገም።

በበዓሉ ሳምንት ማለዳ ተነስታ ምስር ጣደች፣ ለዝይዎቹ እህል በተነች። መሐለኛው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰማያዊውን ዓይን ማግ በማግ ተረተረችው፤ ድሩ እንደገና ባዶ ሆነ። ሆር አዲስ ጥቁር አምጥቶላታል፣ ፍየል የማይመስል፣ ለስላሳ። ቅርጫቱ ሙሉ ነው፣ ፀሐይዋም በቂ ናት። በስተቀኟ ያለው ትንሹ በርጩማ ባዶ ነው። ክሩን ዳስሶ «ጥቁሩ ይኸው» ብሎ የሚያቀብላት የለም።